የጠቆረው ፎቶ

ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ሲይዙኝ ፎቶ ቤቴን እንኳ አላስዘጉኝም። የሰልፍ ፎቶ አንስተሃል ነው የተባልሁት፤ አዎ፣ አንስቻለሁ። ያስገቡን ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነበር። ሰሊጡ ወጥቶ ሽታው ቀርቷል። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ይግላል፤ ላቡና የዘይቱ ጠረን አንድ ላይ ጉሮሮ ይይዛል።

አጠገቤ የሚተኙት ሸምገል ያሉ ሰው ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረዱ ናቸው። ኬላ ላይ ከመኪና አውርደው፣ «የማን መልእክተኛ ነህ?» እያሉ ደብድበዋቸዋል። ግራ ዓይናቸው አብጧል።

ስንቅ የሚገባው በፎቶ ነበር። ስም ይመሳሰላል ብለው፣ እያንዳንዳችንን በስልክ አንስተው በጥቁርና ነጭ አትመው በር ላይ ይዘዋል። የመጣ ቤተሰብ ሰውየውን ከፎቶው ካልለየ፣ «እዚህ የለም» ተብሎ ይመለሳል።

አንድ ጠዋት ጠባቂው እየሳቀ ገባ።

«አባባ፣ አንዲት ሴት ትናንትም ስምዎን እየጠራች መጥታ ነበር። ፎቶውን ስናሳያት ግን፣ ይሄ ወንድሜ አይደለም አለች።»

«የነጠላዋ ጥለት አረንጓዴ ነው?»

«መሰለኝ።»

«እህቴ ናት! ሞቷል ብላ ልትመለስ ነው እኮ!» አሉና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ፎቶውን እንዲያሳየኝ ለመንሁት። ወይ ጉድ! ኖራ የተቀባ ግድግዳ ፊት፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ ነው ያነሷቸው። ካሜራው ለነጩ ግድግዳ አድልቶ ፊታቸውን ጥላሸት አድርጎታል። አልታይ ሲላቸው ደግሞ ኮንትራስቱን፣ የጥቁርና የነጩን ልዩነት፣ እስከ ጥግ ጨምረውበታል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ።

ላስተካክለው ብዬ አለቃቸውን አስጠራሁ። የእህትየው መመላለስ ሰልችቶት ይሁን እንጃ፣ ፈቀደ። ሰውየውን የመጋዘኑ በር ጥላ ውስጥ አስቀመጥኋቸው፤ ከኋላቸው ጆንያ ሰቅዬ በጠባቂው ስልክ እንደገና አነሳኋቸው። በአለቃው ላፕቶፕ ላይ ኮንትራስቱን ቀንሼ ጥቁሩን ቀስ እያልሁ ሳሳሳው የጉንጫቸው አጥንት መጣ፣ ሽበታቸው መጣ። ቀጥሎ ያበጠው ዓይን መጣ።

«እሱን አጥቁረው» አለ አለቃው ከኋላዬ።

«ካጠቆርሁት ፊታቸውም አብሮ ይጠፋል። ነገም መጥታ በር ላይ ታለቅሳለች።»

«ሌላ ዘዴ የለህም?»

ነበረኝ። በሠርግ ፎቶ የስንቱን ጠባሳ አጥፍቻለሁ። ፈራሁ። ዞሬ ሰውየውን አየኋቸው። የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ነበር።

«ተወው ልጀ» አሉ፣ «እንዳለሁ ትየኝ።»

«ሌላ ዘዴ የለኝም» አልሁት አለቃውን።

ፎቶውን ጠጋ ብሎ አየና፣ «አትመው» ብሎ ወጣ።

በማግሥቱ የድርቆሽ ፌስታል ገባ። ሰውየው ለሁላችን አካፈሉ። ከሰዓት በኋላ ያው ጠባቂ ትንሽ ብልቃጥ ቅቤ ይዞ ተመለሰ፤ አሁን አይስቅም።

«ገበያ ሄዳ ገዝታ ነው። ለዓይኑ ነው ብላለች።»

በጣታቸው ነክተው እብጠቱን ቀቡት። እያለቀሱም እየሳቁም ነበር።

አሁን ተፈትቻለሁ፤ ፎቶ ቤቴም ተከፍቷል። ደንበኛ ጠባሳ አጥፋልኝ ሲለኝ አጠፋለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ብቻ አስቀድሜ፣ «ፎቶውን ለማን ልትልኩት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።