የዓሣ ቆዳና የአባቴ ጉልበት

አባቴ የሕመም ማስታገሻቸውን መዋጥ ያቆሙት እኔ በደወልሁላቸው ዕለት ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ጾሙ አልፎ፣ ትንሣኤም ከተከበረ በኋላ፣ ከሚኖሩበት ከደልጊ በጀልባ ሲመጡ ባሕር ዳር ወደብ ላይ ስቀበላቸው ነው።

እዚህ ከተማ በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ረዳት ነኝ። ሥራውን ኮሌጅ ገብቼ አልተማርሁትም፤ ከመጻሕፍትና ከስልኬ ነው የለቀምሁት። የምንሠራው በመርፌ የሚሰጥ ጄል ነው። ሲቀዘቅዝ ይፈስሳል፤ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ ግን መርጋት አለበት። ከረጋ፣ ሕዋሳት ተደግፈውበት ያድጋሉ፤ ያለቀውን ይተካሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ጥሬ ዕቃው አሥጋሪዎች የሚጥሉት የዓሣ ቆዳ ነው። ቆዳውን ማጽዳት የእኔ ድርሻ ነው፤ ትንሽ ስብ ከቀረበት ጄሉ ይደፈርሳል።

አባቴ ቄስ ናቸው። ጉልበታቸው ውስጥ አጥንትን ከአጥንት የሚለየው ልም አጥንት አልቋል። ስለ ሥራዬ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ዓሣው አምባዛ እንዳይሆን ነበር፤ ቅርፊት የሌለው ዓሣ እንኳን በመርፌ በሳህንም አይቀርብላቸውም። ቀረሶ መሆኑን ስነግራቸው ደስ አላቸው።

ጾሙ ሊገባ ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በሰውነት ሙቀት ልክ በሚሞቀው ሣጥን ውስጥ ጄሉ ረጋ። ብልቃጡን ገለበጥሁት፤ አልወረደም። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ደወልሁላቸው። ያ የነገርሁዎ ረጋ አልኋቸው። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሣጥኑን ስከፍት ጄሉ ውኃ ሆኗል። ያኔ አልደወልሁም። ሌላ ሠርቼ ሲሳካ እነግራቸዋለሁ እያልሁ ቆየሁ።

ወደቡ ላይ አባቴ ከጀልባው የወረዱት በሁለት ሰዎች ተደግፈው ነው። እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ክኒኑ አላስታግስ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«ክኒን ከተውሁ ቆየሁ፤ ጸበል ነው የያዝሁት» አሉ። «ጸበልና መድኃኒት ይደባለቃል እንዴ? ያንተ እስኪመጣ ጉልበቴን አጽድቼ ልጠብቅ ብዬ ነዋ።»

ጾሙን በሙሉ፣ ሰሞነ ሕማማትን ከነስግደቱ፣ እንዲሁ አሳልፈውታል።

ከዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኋቸውና ጄሉ መፍረሱን ነገርኋቸው። ዐይናቸውን ከሐይቁ ላይ አላነሡም።

«መርጋቱን በዚያው ሰዓት ደወልህ። መፍረሱንስ?»

«አፈርሁ፣ አባ።»

«አንተ አፈርህ፤ እኔ ሰገድሁ።»

ይህን ሲሉ ፈገግ ለማለት ሞክረው ነበር። ከመንገዱ ማዶ ማስታገሻውን፣ ዳቦና ውኃም ገዝቼ ተመለስሁ፤ ክኒኑ በባዶ ሆድ አይዋጥም። ዳቦውን በዝግታ እያላመጡ፣ ለመሆኑ አንድ ቀን ይረጋል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ባለፈው ሳምንት ቅመሙን ለውጠን የሠራነው ሳይፈርስ ሰንብቷል። ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ። እጃቸው ግን ጉልበታቸውን ጨብጦ እንደያዘ ነበር።

«አላውቅም» አልሁ። «ቢረጋም ገና በበግ ይሞከራል። ለእርስዎ የሚደርስ አይመስለኝም።»

የቀረውን ዳቦ ጎረሱ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ፤ ክኒኑን አኖርሁበት፤ አማትበው ዋጡት።