የጋሽ ጆሮ የዓመቱ አምስት መኪኖች

እኛ ጋራዥ የገባ መኪና ጋሽ ጆሮ ሳይነዱት አይወጣም። መካኒኩ ጨርሻለሁ ብሎ እጁን ቢታጠብ፣ እኔ ኤሌትሪሺያኑ መብራቱን አንድ በአንድ አብርቼ ባሳይ፣ ባለመኪናው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ደጋግሞ ቢያይ ዋጋ የለውም። ጋሽ ጆሮ ቁልፉን ይቀበላሉ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ይስባሉ፣ ሬዲዮውን ያጠፋሉ፣ መስኮቱን እስከ ጫፍ ይዘጋሉ። ከዚያ በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ቁልቁል ይወርዱና በድንጋይ ንጣፉ መንገድ ተንገጫግጨው፣ አደባባዩን ዞረው በዳገቱ ይመለሳሉ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ሲወርዱ ፍርዳቸውን ይዘው ነው የሚወርዱት። «ከኋላ በግራ በኩል የጎማው ኩሽኔታ ማልቀስ ጀምሯል። ሁለት ወር ትቆያለች፤ ከዚያ በኋላ አላውቅላችሁም።» ጎማው ሲፈታ እንዳሉት ሆኖ ይገኛል። ጆሮ የሚለው ስም የወጣላቸው በዚህ ነው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቁት የጋራዡ ባለቤት እትዬ ብቻ ናቸው።

እኒህ ሰው በዕድሜያቸው የራሳቸው መኪና ኖሯቸው አያውቅም። በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ በአውቶቡስ ይሄዳሉ፤ ያውም ከሾፌሩ ጀርባ ቆመው፣ ማርሽ አቀያየሩን እየታዘቡ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት የሚጠብቃቸው ሰው የለም፤ ልጅም አልወለዱም። በዓመት ሦስት መቶ፣ አራት መቶ የሰው መኪና እየነዱ ነው የኖሩት። «አንድ መኪና ያለው ሰው ያሳዝነኛል» ይሉን ነበር፤ «አንዷን ብቻ አውቆ ሊሞት ነው።»

ደብተር አላቸው። የነዷትን ሁሉ በአንድ በሁለት መስመር ይጽፉባታል። በዓመቱ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቆሞ፣ የጋራዡ በር ግማሽ ድረስ ወርዶ፣ ሁላችንም አሮጌ ጎማ ላይ እንቀመጥና እሳቸው የዓመቱን አምስት መኪኖች ያነቡልናል፤ ከአምስተኛዋ ጀምረው ወደ አንደኛዋ። እንወራረድባቸው ነበር። ውድ መኪና ያሸንፋል ብሎ የተወራረደ ሰው ረትቶ አያውቅም። አንድ ዓመት የጡረተኛው ዳኛ አሮጌ መኪና አንደኛ ወጣች፦ «ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ስትገባ እንደ ጌታዋ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ልትፈርድብኝ ነው ብዬ ቀበቶዬን አጠበቅኩ።» ሌላ ዓመት የዳቦ ቤቱ ሚኒባስ፦ «ባዶዋን ታንጎራጉራለች፣ ሲጭኗት ትስላለች፣ አራግፋ ስትመለስ ታፏጫለች።» እንዲህ ነበር የሚጽፉት። መኪናዋ ቀይ ትሁን ነጭ ከዚያ ደብተር አታገኙም፤ ድምፅዋን ግን ትሰማላችሁ።

አሁን የምነግራችሁ የመጨረሻውን ዓመት ነው። ክረምት ሲገባ የጥርስ ሐኪሟ መኪና መብራቷ በጉዞ ላይ እየጠፋ ስላስቸገረ አብሬያቸው ወጣሁ። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ከኋላችን አምቡላንስ መጣ። ጩኸቱ ሰማይ ምድሩን ቀወጠው። መኪናው ሁሉ ጥግ ጥጉን ያዘ። ጋሽ ጆሮ መሀል መንገዱን ይዘው ዘና ብለው ይነዳሉ። አምቡላንሱ ክላክሱን ደርቦበት ጭራችን ላይ ተለጠፈ። እሳቸው ወደ እኔ ዞር አሉና ፈገግ ብለው፦

«ይህችን ወደድኳት። ጸጥታዋን አየህልኝ?»

ክው አልኩ። እጄን ሰድጄ መሪውን ወደ ጥግ ገፋሁት። አምቡላንሱ አጠገባችን ሽው ብሎ ሲያልፍ የሚሽከረከረውን መብራቱን አዩት፤ ሲያዩትም አየሁ። «እነዚህ ደግሞ ዛሬ ዛሬ ሳይጮኹ መሄድ ጀምረዋል» አሉ ቀስ ብለው። የሚዋሹት እኔን ይሁን ራሳቸውን አልገባኝም።

ያኔ ለእትዬ መንገር ነበረብኝ። እትዬ ካወቁ ግን ቁልፍ ዳግመኛ አይሰጧቸውም። ቁልፍ ካልያዙ ጋሽ ጆሮ ማን ናቸው? አውቶቡስ ውስጥ የቆሙ አንድ ሽማግሌ። አንጀቴ አልቻለም፤ አፌን ዘጋሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴ ላይ ሥራ ፈጠርኩ። «ፍሬቻውን በጉዞ ላይ ልየው»፣ «ዲናሞው ይሞላ አይሞላ ልይ» እያልኩ አብሬያቸው እገባለሁ። አንዳች ድምፅ ስሰማ ፊቴን ወደ እሳቸው አዞርና አፌን በደንብ ከፍቼ «ጋሼ፣ ያቺ ከፊት በቀኝ በኩል ቂው ቂው የምትለዋን ሰሟት አይደል?» እላለሁ። እሳቸው ከንፈሬን ያያሉ። «ገና ስንነሳ ነው የሰማኋት! አንተ አሁን ነቃህ?» ይሉኛል። ተመልሰን ይናገራሉ፣ መካኒኩ ይፈታል፣ ልክ ይሆናል። ጋራዡ በሙሉ ኤሌትሪሺያኑ የጋሼን ቦታ ሊወርስ ነው እያለ ያማኝ ኖሯል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። ቢያሙኝም ግድ አልነበረኝም። እንዲያውም አንድ ቁም ነገር የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻው ወር አንድ ማክሰኞ፣ የጭነት መኪና ዳሽቦርድ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ሽቦ ስፈትሽ፣ የአስተማሪዋ ትንሽ ሰማያዊ መኪና ሥራዋ አለቀ። ፍሬን ሠሪያችን የፊቱን የፍሬን ሸራ ቀይሮላታል። የታዘዘው የፊቱን ብቻ ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ ያልታዘዘ ጎማ አይፈታም። የቀረ ነገር ካለ ጋሼ ይሰሙታል፣ ጋሼ እያሉ መፍታት ምን ያደርጋል? አሠራራችን እንዲህ ነበር።

ጋሽ ጆሮ ሊሞክሯት ይዘዋት ሲወጡ በሩ ጋ ፍሬን ሲይዙ ሰማሁ። ከኋላ ኪርርር አለ። ብረት ከብረት ጋር ነው፤ ለዚህ ጆሮ መባል አያስፈልግም፣ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ልነሳ አልኩ። በሁለት እጄ የተላጡ ሽቦዎች ይዣለሁ፤ ብለቃቸው እንደገና አንድ ሰዓት መፈለግ ነው። ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ከዳሽቦርዱ ሥር ስወጣ ሰማያዊዋ የለችም። «ወሰደቻት» አሉኝ ጋሽ ጆሮ፣ ደብተራቸው ላይ እየጻፉ። «እንዴት ያለች መኪና መሰለችህ!» የአስተማሪዋ ስልክ ቁጥር ያለው እትዬ ጋ ነው። ይስጡኝ ብላቸው ለምን ሊሉኝ ነው። ነገ አንድ ሰበብ ፈልጌ እደውላለሁ አልኩ። ረቡዕ ሥራ በዛ።

ሐሙስ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ከአስተማሪዋ እግር ሥር ባዶ ሆነ። መንገዱን የሚያቋርጡ የክረምት ትምህርት ተማሪዎች ነበሩ። መሪውን ወደ መብራት ምሰሶው አዞረችው። ነፍሷ ተርፏል፤ ቀኝ እግሯ ግን ከጉልበት በታች ሦስት ቦታ ተሰብሯል፤ ሐኪሞቹም ያለ ክራንች ትሄዳለች ብለው አፋቸውን ሞልተው አልተናገሩም።

እትዬ ሁላችንንም ቢሮ ሰበሰቡን። መኪናዋ ውስጥ ጠብታ የፍሬን ዘይት እንዳልተገኘ ተነግሯቸዋል።

«ቱቦውን አላጠበቅከውም» አሉት ፍሬን ሠሪውን።

«አጥብቄዋለሁ እትዬ» አለ። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ሚስቱ አራስ ነበረች፤ እንቅልፍ ያጣ ዓይኑ ቀልቷል። «የኋላው ሸራ አልቆ ይሆናል ዘይቱን ያፈሰሰው። እሱ ከሆነ ግን ማክሰኞ ዕለት ይጮህ ነበር። ጋሼን ይጠይቋቸው።»

ዞረን አየናቸው። ጋሽ ጆሮ የልጁን አፍ ትኩር ብለው እያዩ ነበር።

«ብትጮህ እሰማ ነበር» አሉ።

ሌላ ምስክር አልተፈለገም። መኪናዋ ፖሊስ ግቢ ተጨፍልቃ ቆማለች፤ ሄዶ የኋላ ጎማዋን የፈታ የለም። ጋሼ ከተናገሩ መፍታት ምን ያደርጋል? ልጁ መፍቻዎቹን በጨርቅ ጠቅሎ፣ ቱታውን ሚስማሩ ላይ ሰቅሎ ሄደ። በአጠገቤ ሲያልፍ «በርታ» አለኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ካንዴላ እያጸዳሁ ነበር፤ ካንዴላው ንጹህ ነው። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር። እናቴ ጋራዥ ሠርታ አታውቅም።

የዓመቱ የመጨረሻ ቅዳሜ ደረሰ። በሩ ግማሽ ወረደ፣ ጎማዎቹ ተደረደሩ፣ እትዬ እንደ ልማዳቸው ከኋላ፣ ከቢሮው በር ላይ ቆሙ። ጋሽ ጆሮ መነጽራቸውን አደረጉ።

«አምስተኛ፣ የልብስ ሰፊው ፒክአፕ። ስትነሳ እንደ ባለቤቷ የስፌት መኪና ትርርር ትላለች። ክሯ ተበጥሶ እንዳይቀር ሰጋሁ።» ሳቅን። ይህች በዓመቱ መጀመሪያ ወር የመጣች ናት።

«አራተኛ፣ የጥርስ ሐኪሟ። ጸጥተኛ ናት። በሽተኛ እንዳታስደነግጥ ተብላ የተሠራች ትመስላለች።

«ሦስተኛ፣ የአሸዋው የጭነት መኪና። ተጭና እንኳ ድምፅ የላትም። የዘንድሮ ሞተር እንዴት ተሻሽሏል!»

አንዱ መካኒክ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። ያ የጭነት መኪና የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተቀዶ መጥቶ ጎረቤቱ ሁሉ አቤት ያለብን ነው። ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። ጋሽ ጆሮ ገጹን ገለጡ።

«ሁለተኛ፣ የነርሷ መኪና። እሷም ጸጥ ያለች ናት።

«አንደኛ።» መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ዕድሏ አላማረም፤ ግን ያየሁትን መናገር አለብኝ። የአስተማሪዋ ሰማያዊ። በሠላሳ አንድ ዓመት እንደ እሷ ያለች አልነዳሁም። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ያዝኩ፣ ምንም። ደግሜ ያዝኩ፣ ምንም፣ ምንም። ቤተ መጻሕፍት የገባሁ መሰለኝ።»

እትዬ ከጀርባቸው ጠሯቸው። ደግመው ጠሯቸው። በሦስተኛው፣ እኛ ሰምተነው በማናውቀው በእውነተኛ ስማቸው፣ የቆርቆሮው ጣሪያ እስኪያስተጋባ ጮኹ። እኔ ደነገጥኩ፤ ከጎኔ ያለውም ደነገጠ። ጋሽ ጆሮ ደብተራቸውን አጥፈው፣ ፈገግ እንዳሉ ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ።

እትዬ ዞረው ፊት ለፊታቸው ቆሙና መዳፋቸውን ዘረጉ። ጋሽ ጆሮ መዳፉን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ የግቢውን መኪኖች ቁልፍ ከኪሳቸው እያወጡ ተራ በተራ አስቀመጡበት። አራት ቁልፍ ነበር። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ሰኞ ፖሊስ ግቢ ሄደን የሰማያዊዋን የኋላ ጎማ ፈታን። ሸራ የሚባል አልቀረም። የፍሬን ሠሪው ስልክ አይሠራም። ጋሽ ጆሮ ልጁን ካላገኘሁት ብለው ስላስጨነቁኝ በጋራዡ አሮጌ ፒክአፕ ወሰድኳቸው። ከጎኔ ሲቀመጡ እግራቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ልጁ ተከራይቶበት የነበረው ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ገብቷል። አከራይዋ፣ ሕፃኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከሳምንት በፊት ለቀው እንደሄዱ ነገረችን፤ የት እንደሆነ ግን አልነገሯትም። ጋሽ ጆሮ ሰውነታቸው ከብዷቸው መኪናው ውስጥ ገቡ።

«አንተ ታውቅ ነበር» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም።

«አውቅ ነበር፣ ጋሼ።»

«ለእኔ ብለህ ነው።»

ሞተሩን አስነሳሁ። ድንጋይ ንጣፉ ላይ ስንደርስ የፒክአፑ የፊት ኩሽኔታ ማልቀስ ጀመረ። ንዝረቷ ተሰምቷቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግተው አስቀመጡ።

«ምን ትላለች?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ፊቴን ወደ መንገዱ እንዳደረግኩ፣ «ማክሰኞ ዕለት ሰምቻት ነበር» አልኩ። «ሰማያዊዋን። በሩ ጋ። እጄ ላይ ሽቦ ስለነበረ አልተነሳሁም።»

«ምን አልክ?»

መኪናውን ጥግ አስያዝኩ። ወደ እሳቸው ዞርኩና አፌን በደንብ ከፍቼ፣

«ጸጥ ያለች ናት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ግን ከዳሽቦርዱ ላይ አላነሱም።