ሰላምታው ሳያልቅ የሄደ አውቶብስ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት ሲገባ ነው። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ዜና እንኳ አይሆንም። ሆኖም በዘጋቢነት ከሠራኋቸው ብዙ ታሪኮች ይልቅ እሱ ነው ቶሎ ቶሎ ትዝ የሚለኝ።

ነጌሌ ቦረና ተቀምጬ፣ ከዘገባው ጎን ለጎን ለአንድ የአውቶብስ ድርጅት እሠራለሁ። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የድርጅቱ ስም ሲነሳ ወዲያው አይቼ ለኃላፊው አሳውቃለሁ። ከተከራየሁት ክፍል ሳልወጣ የምውልበት ቀን ብዙ ነው። ወንበሩ ጠበበን፣ ሾፌሩ በረረብን፣ ረዳቱ ሰደበን ይላሉ ተሳፋሪዎች። ሁሉም ስለ አውቶብሱ ያወራል፤ ከእኔ ጋር የሚያወራ የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጡሜ የምትባል ሴት የድርጅቱ ፌስቡክ ገጽ ላይ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «አባቴ ኦቦ ጃርሶ ዛሬ በእናንተ መኪና ከነጌሌ ተሳፍረዋል። ሐዋሳ መናኸሪያ ሰው ሁሉ ወረደ፣ እሳቸው የሉም። ስልክ የላቸውም። የት ጣላችኋቸው?»

ለኃላፊው አሳወቅኩት፤ ወዲያው ደወለ። «ጽሑፉን ሰው ሳያየው አጥፋው!»

«መጀመሪያ ሰውዬው የት እንዳሉ ልወቅ» አልኩት።

የመኪናውን ረዳት በስልክ ጠየቅኩ። ቦሬ ላይ ለምሳ ቆመው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አዛውንቱን ስለማየቱ እርግጠኛ አይደለም። ቦሬ ደጋ ነው፣ ይዘንባል። የቆላ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ እዚያ ውጭ ቢያድር አደጋ ነው።

ቦሬ ያለችው ትኬት ቆራጭ ጋ ስደውል ሳቀች። «እዚህ እሳት ዳር ናቸው! ከአንድ ከአሬሮ ከመጣ ሰው ጋር ተገናኝተው ሰላም ሲባባሉ መኪናው ጡሩምባ ቢነፋ ቢነፋ ዞር ብለው አላዩትም። እስካሁን አልጨረሱም።»

ስልኩን ሰጠቻቸው። በኦሮምኛ አነጋገርኳቸው።

«አባ፣ ደህና ነዎት? ልጅዎ...»

«አካም ልጄ! ናጋ? ሰላም ነው?»

«ናጋ። አባ፣ ልጅዎ ሐዋሳ...»

«ዝናብ አገኛችሁ?»

«ትንሽ አገኘን።»

«ከብቶችህ ደህና ናቸው?»

«ከብት የለኝም።»

«ሚስትህስ? ልጆች?»

«የሉኝም አባ። ብቻዬን ነኝ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብቻህን? ታመሃል እንዴ?» አሉኝ።

«አልታመምኩም» አልኳቸው።

የጡሜን ነገር የሰሙኝ ከዚህ በኋላ ነው። «እሷማ ትጠብቃለች፤ የሰው ሰላምታ አቋርጬ ልሂድ?» አሉ። ትኬት ቆራጯ ሌላ መኪና ላይ አሳፈረቻቸው፤ ሳይመሽ ሐዋሳ ገቡ።

ጡሜ ድርጅቱን አመስግና ጻፈች። ኃላፊው ምስጋናው ገጹ አናት ላይ ይሁን አለኝ፤ አደረግኩት።

ለአዛውንቱ የመለስኩላቸው እውነት ነው፤ አልታመምኩም ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከዚያ በፊት ደህንነቴን የጠየቀኝ ማን እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። መንገድ ላይ የቀሩት እሳቸው ሆነው፣ የተጨነቁት ለእኔ ነበር።

ሥራውን አሁንም አልተውኩም። የድርጅቱ ስም በየቀኑ ይነሳል፤ አነባለሁ፣ አሳውቃለሁ። እንደ እሳቸው የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም።