ስትወለድ ያየነው እግር

የእህቴ መልእክት የደረሰኝ እዚህ ቤይሩት፣ የአሠሪዎቼን ልብስ ስተኩስ ነው። «እታለም፣ ልጅሽን ሞጣ ወስጃት ነበር። ሐኪሙ ረፍዷል አለ» ትላለች። ካውያውን ነቅዬ ደግሜ ሰማሁት። ያው ነው።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ቢቸና፣ እናቴ ጋ ነው የምታድገው። ቀኝ እግሯ እንደ ሳንቃ ነው የሚያርፈው፤ ተረከዟ መሬት በደንብ አይነካም። የሰፈሩ ልጆች «አካፋ» ይሏታል።

ሐኪሙ በጣቷ አቆማት አሉ። ብዙ ሕፃን ውስጥ እግሩ ዝርግ ሆኖ እንደሚወለድ፣ በጣቱ ሲቆም መሐሉ ጎድጎድ ካለ ግን እንደማያሳስብ ለእህቴ አስረዳት። የልጄ አልጎደጎደም። በእጁ ሊያጥፈው ሞከረ፤ ግትር ነው። ከማኅፀን ጀምሮ አንዱ አጥንት ያለቦታው ተቀምጧል።

«ስትወለድ እንዲህ ነበረች?» አላት።

እህቴ «አዎ» አለች። ከቤታችን ይህን የተናገረች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

እኔ አይቻለሁ። ያረሰችኝ እናቴ ናት፤ ልጅቱን ስታጥብ እግሯን ገልብጣ አሳየችኝ። ውስጥ እግሯ ወደ ታች የተነፋ ነበር።

«ለሞጣዎቹ እንዳታሳዪ» አለችኝ፤ የባሌን ዘመዶች ማለቷ ነው። «በዘራችን እንዲህ ያለ የለም ብለው ከነልጅሽ ይመልሱልኛል።»

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ፣ ቄሱ ሜሮን ሲቀቧት እግሯን ይዘው ትንሽ ቆዩና አለፉ። የክርስትና እናቷ «ይህችስ ጫማዋን አድርጋ ነው የመጣች» ብላ ሴቶቹን አሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እናቴ ወዲያው በነጠላ ጠቀለለቻት።

ባሌና እኔ ዓመት ሳይሞላ በሌላ ነገር ተጣልተን ተለያየን። እኔ ወደዚህ መጣሁ። ልጅቱ መራመድ ጀምራ ሰው ሁሉ ሲያያት እናቴ «ከመደብ ወድቃ ነው ልበል?» ብላ በስልክ ጠየቀችኝ። «እንደሱ በይ» ያልኩት እኔ ነኝ። ወጌሻው የወደቀች መስሎት አሸ፣ በቀርከሃ አሰረ። ጤና ጣቢያም ሲጠይቁ ወደቀች ተባለ።

በተወለደች በሳምንታት ውስጥ ጄሶ እየቀያየሩ ማሰር ቢጀመር አጥንቱ ገና ለጋ ስለሆነ ብዙ ይስተካከል ነበር ብሏል ሐኪሙ። አሁን ቀዶ ሕክምና ቢደረግላት እንኳ ሕመሙ ይቀንስላት እንደሆነ እንጂ፣ እንደ እኩዮቿ ትሄዳለች ብሎ ተስፋ አልሰጣትም።

ለንስሐ አባቴ በስልክ ተናዘዝኩ። ቀኖና ሰጡኝ፤ ስግደቱን እየፈጸምኩ ነው። ስለ እግሯ ግን እግዚአብሔርን ተአምር ለመለመን አፍራለሁ። የሰጠንን ጊዜ ሸፍነን ያሳለፍነው እኛው ነን።

ባለፈው እሑድ ስደውል፣ «እማ፣ ስወድቅ ማን ነበር የያዘኝ?» አለችኝ።

«አላስታውስም።»

«አለቀስኩ?»

መስመሩ ተቋረጠ ብዬ ዘጋሁት። አልተቋረጠም ነበር።

በክርስትናዋ ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የነበራችሁ፣ ጥያቄዋ ወደ እናንተም መምጣቱ አይቀርም። እናቴን ከሐሜት ለማዳን ብላችሁ፣ ለእኔም አዝናችሁ እንዳትዋሿት። እንዲህ ሆና እንደተወለደች፣ እኛም አይተን ዝም እንዳልን ንገሯት። እኔ በስልክ ሞክሬ አቅቶኛል።