ብርሃን የሚበላው ሎሚ

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የደረቀ ሎሚ አለ። ጠቁሯል፣ ጠንክሯል፤ ሲነቀንቁት ዘሩ ከውስጥ ይንኳኳል። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ግን ዛሬም ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ያን ጊዜ የጅግጅጋ አቧራ፣ የጠዋት ፀሐይና የኮመጠጠ ወተት ሽታ ተከታትለው ይመጡብኛል።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ግቢያችን ውስጥ ይኖሩ የነበሩትን ሶማሌ ጎረቤታችንን ልጆቹ ሁሉ «ኤዶ» እንላቸው ነበር፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ድሮ ሳቃቸው ከገበያው ማዶ ይሰማል የሚባልላቸው ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ከድንበሯ ከተማ ከቶጎጫሌ ዕቃ በሚያመላልስ መኪና ላይ ረዳት ነበር። አንድ ቀን ለማንም ሳይናገር ታህሪብ ሄደ፤ በበረሃና በባሕር ወደ ሰው አገር የሚኬድበትን መንገድ እኛ እንዲያ ነው የምንለው። አንዴ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ኤዶም መስኮታቸውን በወፍራም መጋረጃ ጋርደው ቤት መዋል ጀመሩ።

ልጁ ከመሄዱ በፊት ሾርባው ላይ ከጨመቀው ሎሚ አንዱን ዘር እንደ ቀልድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ቀብሮት ነበር። በቀለ። ኤዶ ከልጃቸው የቀረቻቸው ያቺ ችግኝ ብቻ ስለነበረች፣ ፍየል እንዳይበላባቸው አልጋቸው ራስጌ አኖሯት። ፍየል ስላችሁ የጅግጅጋን ፍየል ነው፤ ካርቶን የሚበላ፣ በር ገፍቶ የሚገባ፣ ሲያባርሩት የሚገላምጥ። ውሃ አላጓደሉባትም። ከብርጭቋቸው የተረፈውን የግመል ወተት ሳይቀር ያጠጧት ነበር። «ልጅ ያለ ወተት ያድጋል?» ይላሉ። ችግኟ ግን ቀጥና ረዘመች፣ ቅጠሏም ገረጣ።

አንድ ቀን እናቴ ምሳ አስይዛ ልካኝ ኤዶ ቤት ስገባ፣ «አባዮ፣ ነይ እስቲ እያት። የምሰጣት አልስማማት አለ» አሉኝ። አባዮ እህቴ ማለት ነው፤ እኔን ሲያቆላምጡኝ እንዲያ ይሉኛል። «ይቺ ከደረቀች…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ልጅ ብሆንም የተዉት ቃል ገባኝ።

በዚያው ሰሞን የሳይንስ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ትልቅ ቅጠል ሥሎ «ቅጠል ማለት ወጥ ቤት ነው» ብሎን ነበር። ውሃው ከሥር ይመጣል፣ አየሩ በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገባል፣ እሳቱ ፀሐይ ነው፤ አረንጓዴው ነገር ብርሃኑን ይዞ ከውሃና ከአየር ስኳር ያበስላል። እኔ ደግሞ የተማርኩትን ሳልናገር የማላድር ልጅ ነበርኩ።

«ኤዶ፣ ወተት እኮ አትጠጣም። ምግቧን ራሷ ናት የምትሠራው፤ በፀሐይ።»

«ወላሂ? ወጥ ቤት ካላት ጭሱ የታለ?»

«ጭሱማ እኛ የምንተነፍሰው ጥሩው አየር ነው።»

ሳቁ። ልጃቸው ከሄደ ወዲህ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ወዲያው ግን ፊታቸው ዳመነ። «እና በጨለማ ያስራብኳት እኔ ነኛ?»

«ውጭ ትውጣ» ብቻ አልኩ።

«ፍየሉስ?»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ኤዶ ግቢው በር ላይ የተደፋ ጄሪካን ላይ ተቀምጠዋል፤ ቆርቆሮው በእግራቸው መሐል፣ ዱላ በእጃቸው። ነፋሱ ሻሻቸውን ያርገበግበዋል፣ ብርሃኑ ከብዷቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኩለ ቀን ላይ ስመለስም እዚያው ነበሩ፤ ጥላው በመጣ ቁጥር ጄሪካኑንም ቆርቆሮውንም እየጎተቱ ፀሐይዋን ሲከተሉ ውለዋል። እናቴ «ኤዶ፣ የፍየል ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ እንዴ?» ስትላቸው ዱላቸውን ሰበቁባት። መጀመሪያ ሰላምታ ሰጥተው የሚያልፉት የሰፈር ሴቶች ቀስ በቀስ አጠገባቸው እየተቀመጡ ማውጋት ጀመሩ። ችግኟም የሚያብረቀርቅ አዲስ ቅጠል አወጣች። ከሁለቱ የማን ፊት ቀድሞ እንደለመለመ ግን አላውቅም።

በኋላ አጥሩ ጥግ ተከሏት፤ ዙሪያዋን እሾህ አጠሩላት። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ አፈራች። ኤዶ ለግቢው ሁሉ አደሉ፤ አንዷን ሎሚ ግን ማንም እንዳይነካት ከለከሉ። «ይቺ የእሱ ናት» አሉ። እዚያው ቅርንጫፏ ላይ ደረቀች። ወደ ዩኒቨርሲቲ ስሄድ ቆርጠው መዳፌ ላይ አስቀመጧት።

«ለእናትሽ ብሰጣት ሾርባ ላይ ትጨምቃታለች። አንቺ ያዢልኝ። ሲመጣ እኔ ካልኖርኩ ስጪው። ያለ ወተት ያደገች ናት በዪው።»

ባለፈው ክረምት እናቴ ደውላ ኤዶ አረፉ አለችኝ። የልጃቸው ነገር እስካሁን አልተሰማም። እኔም እጠብቀዋለሁ፤ መልኩን እንኳ በቅጡ አላስታውሰውም።

የደረቀ ነገር ብርሃን እንደማይበላ አሳምሬ አውቃለሁ። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት መጋረጃዬን ስገልጥ ሎሚዋን አንስቼ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አስቀምጣታለሁ።