እትዬ ጠርሙስና የመስታወት ሳጥኑ

በከተማው ውሃ ድርጅት ላቦራቶሪ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ብልቃጥና ጠርሙስ አጥባለች። ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ጠርሙስ» ይላታል፤ እሷም ቅር አይላትም። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የአስተዳደር ክፍሉ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ፊደል ገድፎ።

አንድ ቀን የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ዶክተሯ ከመለኪያው ፊት ቆማ ፊቷ ተለዋወጠ። ከሰላሳ ማለፍ የሌለበት ቁጥር ዘጠና አራት ሆኖ ወጥቷል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እትዬ ጠርሙስ፣ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ።

«ዩራኒየም። የዳገቱ ሰፈር ጉድጓድ ነው።»

የዳገቱ ሰፈር የእሷ ሰፈር ነው። ማታ ቤቷ ስትገባ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው ባሏ ዘንድ ወሬው ቀድሟት ደርሷል፤ ውሃ ምድጃ ላይ ጥዶ ቆሞ ይጠብቃል።

«ያ የቦምቡ ነው አሉ! ሦስት ጊዜ አፍልቼዋለሁ።»

«ይሄኛው ከድንጋዩ እየሟሟ የመጣ ነው፤ አይፈነዳም። ኩላሊት ነው የሚጎዳው። ደግሞ ስታፈላው ውሃው ይተናል፣ እሱ ይቀራል። አሁን እያወፈርከው ነው።»

ባልየው ድስቱን ዓይን ዓይኑን እያየ ደፋው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚጠጡትን ውሃ ከልጃቸው ቤት በጀሪካን ማመላለስ ያዙ።

ዶክተሯ ግን መላ ነበራት። ሁለት ዓመት ደክማ ከእንጨት ቃጫ ኤሮጄል የሚባል ነገር ሠርታለች፤ ነጭ፣ ቀዳዳው ለዓይን የማይታይ፣ ከሞላ ጎደል አየር። ቡጢ የሚያክለው ቁራጭ ከአንድ ሳንቲም ይቀላል። ውሃው በውስጡ ሲያልፍ ዩራኒየሙን ይዞ ያስቀረዋል። ሲሞላም የቀጠነ አሲድ ውስጥ ታጥቦ እንደገና ይሠራል።

«ይታጠባል?» አለች እትዬ ጠርሙስ።

«ይታጠባል።»

«እንግዲያው የኔ ነገር ነው።»

ዳገቱ ላይ ለሚተከለው ማጣሪያ አርባ ቁራጭ እንደተዘጋጀ ዶክተሯ ለሥራ አስኪያጁ ልታሳይ ወሰደችው። ሥራ አስኪያጁ አንዱን መዳፉ ላይ አድርጎ እፍ ቢለው በሮ መጋረጃው ላይ አረፈ። ሰውዬው በደስታ እንደ ሕፃን ሳቀ። በሳምንቱ ቢሮው ውስጥ መብራት የተገጠመለት የመስታወት ሳጥን ተሠራና አርባውም እዚያ ገባ።

«ለጊዜው እንግዶች ይዩት» አለ።

ማጣሪያው ግን በቀጠሮው ተመረቀ። ዳገቱ ላይ ሰው የሚያክል ሰማያዊ የብረት በርሜል ተተከለ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ አርባ ደቂቃ ንግግር ተደረገ። በርሜሉ ውስጥ ከጠጠር በቀር ምንም አልነበረም። ዶክተሯ ብትጠይቅ ኤሮጄሉ በንብረትነት ስለተመዘገበ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ እንደማይነቃነቅ ተነገራት። ኮሚቴውስ? እሱን የሚያቋቁም ኮሚቴ እየተጠና ነው። በሳምንቱ ውሃው ቢለካ ዘጠና አራት። ሪፖርቱም እንዲህ ሲል ወጣ፦ «ማጣሪያው የውሃውን ጥራት ባለበት ለማስጠበቅ ችሏል።»

የእንግዶች ጣት የመስታወት ሳጥኑን ሲያጨማልቀው ሥራ አስኪያጁ እትዬ ጠርሙስን አስጠራ። መስታወት የምታውቅ እሷ ናት። ቁልፉን ሰጣት፤ በየቀኑ በምሳ ሰዓት እንድትወለውል አዘዛት።

ሁለት ቀን ወለወለች። በሦስተኛው ቀን ከማጠቢያዋ ሥር ከሎሚ ሳሙናው ጎን የተቀመጡትን አዳዲስ ነጫጭ ስፖንጆች በቢላዋ ቆራርጣ፣ በባልዲ ይዛ ገባች። ኤሮጄሉን አንድ በአንድ እያወጣች በምትኩ ስፖንጅ ስትደረድር ዶክተሯ በሩን ከፈተች።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«መስታወት እየወለወልኩ።»

ዶክተሯ ባልዲውን አየች፤ ሳጥኑን አየች። ከዚያ ፊቷን ወደ ኮሪደሩ አዙራ፣ «ፈጠን ይበሉ፤ ከምሳ ሊመለስ ነው» አለች።

ያን ቀን ከሰዓት ሁለቱ ሴቶች በርሜሉን ከፍተው ኤሮጄሉን በወንፊት ጨርቅ እየጠቀለሉ ሞሉት። በማግስቱ ቁጥሩ አሥራ አንድ ሆነ። በሦስተኛው ቀን አራት።

ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ማስተናገዱን ቀጠለ። «ንኩት፣ አይዟችሁ! ከመቶው ዘጠና ዘጠኝ እጁ አየር ነው» ይላል። አንድ እንግዳ አሸተተና የሎሚ ሽታ አለው አለ። «የተፈጥሮ ውጤት ስለሆነ ነው» አለው ሥራ አስኪያጁ።

በአምስተኛው ሳምንት የውሃው ቁጥር ሽቅብ ማለት ጀመረ፤ ኤሮጄሉ ጠግቧል። ለማጠብ አሲድ ያስፈልጋል፤ አሲድ ከመጋዘን የሚወጣው በሥራ አስኪያጁ ፊርማ ነው። ዶክተሯ ልሂድ ብትል እትዬ ጠርሙስ እሺ አላለችም። ወረቀቱን ይዛ ገባች።

«አሲድ ለምንሽ ነው?»

«ኤሮጄሉን ላጥብበት።»

«ኤሮጄሉ ይኸው፣ ንጹሕ ነው!»

«እሱ ስፖንጅ ነው፣ ጌታዬ። ብልቃጥ የማጥብበት።»

ሰውዬው ሳጥኑን ከፍቶ አንዱን ጨመቀው። ስፖንጁ ተጨመቀ፤ ሲለቀው ተመልሶ ተነፋ። ጆሮው ቀላ። «ይህን ማን ያውቃል?» አለ።

«ዶክተሯ። ባሌም ያውቃል።»

«ሚኒስቴሩስ?»

«እኔ ሚኒስቴር የት አገኛለሁ?»

ፈረመ። በማግስቱ ሁለት ደብዳቤ ወጣ። አንዱ ለእሷ፦ ንብረት ያለ ፈቃድ በማንቀሳቀሷ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ሌላው ለበላይ አካል፦ ሥራ አስኪያጁ ባሳለፈው ወቅታዊ ውሳኔ የዳገቱ ሰፈር ውሃ መጣራቱን የሚያበሥር። ባሏ ማስጠንቀቂያውን ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበላትና፣ «ጽሑፉ ግን ያምራል» አለ።

እሷ ግን አልሰማችውም፤ ሐሳቧ ሌላ ነበር። በማግስቱ ላቦራቶሪ ገብታ ጓንቷን አድርጋ፣ ኤሮጄሉን ሳትጨምቅ፣ እንደ አራስ ልጅ ከሥር እየደገፈች አሲዱ ውስጥ ነከረችው፣ አለቀለቀችው። ዩራኒየሙን የያዘው እጣቢ ወደ ታሸገ በርሜል ገባ፤ ዶክተሯም ቆልፋ ምልክት ለጠፈችበት። ኤሮጄሉ ወደ ማጣሪያው ተመለሰ፤ በሦስት ቀን ቁጥሩ እንደገና አራት ሆነ።

እስከዚያች ቀን ድረስ እትዬ ጠርሙስ ከቧንቧዋ አልጠጣችም ነበር፤ ታጥቦ ያልሠራን ነገር አታምንም። ያን ዕለት ከሥራ እንደገባች አንድ ብርጭቆ ቀድታ ቁጭ አለች። ባሏ ከፊቷ ተቀምጦ ጉሮሮዋን ያያል። እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

«እህ? ምን ምን ይላል?»

«ውሃ ውሃ ይላል» አለችና ብርጭቆውን አቀበለችው።