ወደ ቂብላ የዞረው ተጎታች ቤት

ከሐይቅ ከተማ የወጣን ለታ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ እናቴ ልጄን በሙቅ ውሃ አጠበቻትና የተረፈውን ደጅ ደፋችው። እናንተ እዚያ ያላችሁ፣ ይህ ምን ያስገርማል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬም አልረሳውም። አንድ ሳፋ ሙሉ ውሃ ነበር እኮ፣ ወላሂ።

ልጄ ሐናን ያኔ አርባ ቀኗን ጨርሳለች። ባለቤቴ ይመር ከሎጊያ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሰመራ በሚወስደው በኩል፣ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ የግሬደር ኦፕሬተር ነው። ቤት አገኘሁ ነይ ስላለኝ ነው የተነሳሁት። እናቴ ሚሌ የሚወርደው መኪና ላይ አስቀመጠችኝና በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ፣ "ውሃ ከሌለ ባልሽን ተይውና ልጄን ይዘሽልኝ ተመለሽ" አለች። ኧረ እማ፣ አለ ብሎኛል አልኳት። ለዒድ መጥታ ልትጠይቀን ተስማምተን ተላቀስን።

ቁልቁለቱን ስንወርድ መጀመሪያ ጋቢውን ከላዬ አነሳሁ፤ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሚሌ ስንደርስ የሚወልቅ አጣሁ። የኛ ነፋስ ከሐይቁ ሲመጣ ያበርዳል፤ የዚህ አገር ነፋስ ግን የዳቦ ቤት ምድጃ ሲከፈት ፊት ላይ እንደሚመታው ነው።

ቤት ያለኝ ደግሞ ካራቫን ሆኖ ቆየኝ። ፈረንጅ መሐንዲሶች ትተውት የሄዱት፣ ጎማ ያለው፣ መኪና የሚጎትተው ቤት ነው። አልጋው ይታጠፋል፣ ጠረጴዛው ይታጠፋል፣ እኔም ካልታጠፍኩ በበሩ አልገባም። ከአልጋው ሥር የውሃ ታንከር አለው። ቦቴ መኪና በሳምንት አንዴ መጥቶ ይሞላዋል፣ መሐሉን ራስህን ቻል ነው። ታንከሩ ላይ መቶ ሃምሳ ሊትር የሚል ተለጥፏል። ይመር ለሳምንት ይተርፈናል ብሎ ማለልኝ፤ እኔም አመንኩት።

ቤቱ ውስጥ መስገጃ የሚዘረጋው መተላለፊያው ላይ፣ በርዝመቱ ብቻ ነው። ቤቱ ደግሞ ቂብላን፣ ስንሰግድ የምንዞርበትን የመካን አቅጣጫ፣ የሚያየው በጎኑ ነበር፤ ስንሰግድ ጉልበታችን ከቁም ሳጥኑ ይጋጫል። ስለዚህ ይመርና ጓደኞቹ በፒካፕ ጎትተው ፊቱን ወደ ቂብላ አዞሩልኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ አላህ ሥራችሁን ያሳምርላችሁ ብዬ መረቅኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ውሃው አልበረክት አለ።

ቦቴው በመጣ በአራተኛው ቀን ቧንቧው አየር ብቻ መትፋት ጀመረ። ነገር ዓለሙ ዞረብኝ። የማጠባ ሴት ነኝ፤ ካልጠጣሁ ጡቴ አይወርድም፤ ጡቴ ካልወረደ ሐናን ምን ልትሆን ነው? ጆሮዬን ፍራሹ ላይ ብለጥፍ ከሥር ውሃ ሲንቦጫቦጭ እሰማለሁ። አለ፤ ግን አይወጣም። ይመር ሎጊያ ሮጦ በባጃጅ ሁለት ጀሪካን ይዞልኝ መጣ። ለዚያች ሳምንት ዳንን፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሐናን ባለቀሰች ቁጥር ጠምቷት ይመስለኛል። ባሌ ፊቱን ሲታጠብ እጁን እያየሁ ስንት እፍኝ እንደወሰደ እቆጥርበታለሁ፤ ምስኪን፣ በሁለት እፍኝ ይጨርሳል።

በሚቀጥለው ሳምንት የቦቴውን ሹፌር ለምኜ በጀሪካን እየለካ እንዲሞላልኝ አደረግሁ። እያጉረመረመ ገለበጠው። አምስተኛው ጀሪካን ላይ ተርፎ በመሙያው ፈሰሰ። "ይኸው ሞላ፤ ምን ላድርግሽ?" ብሎኝ ሄደ። አምስት ጀሪካን ደግሞ መቶ ሊትር ነው። ሃምሳው የት ገባ?

ዓይኔን በጨው አጥቤ የካምፑ ኃላፊ አቶ ተሾመ ዘንድ ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ነገሬን ሰምቶ ተነሳና ካራቫኑ ድረስ መጣልኝ፤ አጎንብሶ የተለጠፈውን አነበበ።

"መቶ ሃምሳ ይላል" አለ።

"ይላል ጌታዬ፤ ውሃው ግን መቶም ሳይሆን ያልቃል።"

"እኔ የተረከብኩት መቶ ሃምሳ ነው፣ ለባልሽ ያስረከብኩትም መቶ ሃምሳ ነው። ጎድሏል ካልሽ የጎደለው እናንተ ጋ ነው፤ ትጠየቁበታላችሁ።"

ውሃ ልጠይቅ ሄጄ ባለዕዳ ሆኜ ተመለስኩ። እርር ድብን ብዬ ለይመር ዕንቁላል ልጠብስለት ምድጃ ለኮስኩ። ዘይቱን ባፈስሰው መጥበሻው ላይ አይረጋም፤ ሁሉም ወደ ፊት በኩል ይሰበሰባል። መጥበሻውን አዞርኩት፤ ዘይቱ አሁንም እዚያው። ያኔ ነው የበራልኝ። ቤቱን ወደ ቂብላ ስናዞረው ፊቱ ቁልቁል ቦታ ላይ አርፎ አዘቅዝቋል ለካ! የታንከሩ መሙያ ከፊት ነው፣ መውጫው ከኋላ። ሲሞላ ፊት ለፊቱ ብቻ ሞልቶ ይፈሳል፤ ስንጠቀም ደግሞ ውሃው ወደ ፊት ሸሽቶ መውጫው ባዶ ይቀራል። ዕንቁላሉን ትቼ እየሮጥኩ ይመርን ጠራሁት።

ከቂብላው አላዞርነውም፤ ፊቱን በክሪክ አንስተን ድንጋይ ደገፍንበት። መጥበሻውን መልሼ ጣድኩት፤ ዘይቱ መሐል ላይ ረጋ። ቦቴው ሲመጣ ታንከሩን አራግፈን እንደገና ለካን። ስድስት ጀሪካን ገባ፣ የሰባተኛውም ግማሽ። መቶ ሃምሳ አልሆነም። ግን ቆጥበን፣ የሐናንን ጨርቅ ባለቀለቅንበት ውሃ ወለሉን እያጠብን፣ ሳምንቱን ለጥቂት አደረሰን። አንድ ሰው ቢጨመር ግን አያደርሰንም። ይህን ማወቄ ያስደስተኛል ብዬ ነበር፤ ሌላ ጭንቀት ሆነብኝ እንጂ።

ዒድ ሲቃረብ እናቴ ደወለች። ቋንጣው ደርቋል፣ በሶው ተፈጭቷል፣ መኪናም አነጋግራለች። ድምጿ እንደ ልጅ ሆኗል። እኔ ደግሞ ነገሩን ሳዞረው ሳዞረው ቆይቼ መጨረሻ ላይ አወጣሁት።

"እማ፣ ውሃችን የሚበቃው ለእኛ ብቻ ነው።"

 

"እኔ ደሞ ምን ያህል እጠጣለሁ ብለሽ ነው?" አለች። "እዚያ አፈር አለ አይደል? በተየሙም እሰግዳለሁ።"

ተየሙም ማለት ውሃ የጠፋበት ሰው ለሶላት በሚደረገው መታጠብ፣ በውዱእ ፈንታ ፊቱንና እጁን በአፈር የሚያብሰው ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ውዱእ ያደረገችው ከሐይቁ ዳር ነው። 

"አለ እማ" አልኳት፣ "አፈርማ አለ።"

ነይ ልላት ብል አልወጣ አለኝ፤ አትምጪ ማለቱንም አልቻልኩም። እሷ ማዶ ሆና መልሴን ትጠብቃለች። ስልኩን ሐናን አፍ አጠገብ አድርጌ፣ "አያትሽን አናግሪያት" አልኳት።